ሰባተኛው ሳህን

ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌው የላቦራቶሪ ኃላፊ ሞተው የተገኙት ተቀምጠው ነው። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው፤ ሥራ አድክሟቸው ለአፍታ አረፍ ያሉ ይመስላሉ። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ግን ተሰብረዋል። የብረቱም በር በውስጥ በኩል፣ ከመሬት እስከ ወገብ ከፍታ፣ ተቧጭሯል።

ቦታው የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሙቅ ክፍል ነው። ሦስት እርምጃ በሁለት እርምጃ የሆነ፣ መስኮት የሌለው፣ አየሩ ሁልጊዜ እንደ ሰው ገላ የሚሞቅ ክፍል። በመደርደሪያዎቹ ላይ ክዳን ያላቸው ትንንሽ የመስታወት ሳህኖች ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ከሕሙማን የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ያድጋሉ። አንዳንዶቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካላገኙ አይበቅሉምና፣ ኮሪደሩ ላይ ከቆመ ሲሊንደር አንድ ቀጭን ጎማ ግድግዳውን በስቶ ይገባል። ያን ሐሙስ ጠዋት ጎማው ከተሰካበት ሳጥን ተነቅሎ መደርደሪያው ሥር ተጥሎ ነበር። ሲሊንደሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። በሩ ደግሞ በውጭ በኩል ተቀርቅሮ ነበር ተብሏል።

መርማሪዋ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሃምሳን ያለፈች፣ አጭር፣ ጫማዋ ስትራመድ የሚጮህ ሴት ናት። ሌላው ሰው ነገሩ አለቀ ሲል እሷ ‹ቆይ እስቲ› ሳትል ስለማታልፍ፣ ባልደረቦቿ በዚሁ ስም ይጠሯታል። በሩ ላይ ቆማ ክብሪት ጫረችና እጇን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች። ነበልባሉ ጉልበቷ ዘንድ ሲደርስ ጠፋ። ሌላ ጫረች። እሱም ጠፋ።

«አሁንም አለ» አለች። «ሰውየውን የገደለው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ገና ወለሉ ላይ ተኝቷል።»

ረዳቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እሱስ ይተኛ፤ ገዳይዋ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ያለቀለት ነገር ነው።»

«ቆይ እስቲ።»

«ምን ቆይ አለው? ሬሳውን ያገኘችው እሷ። በሩ ተቀርቅሮ ነበር የምትለው እሷ። የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ የሚሰቀለው የእሷ ምስማር ላይ። ትናንት ሟቹ ሲጮሁባት ደግሞ ኮሪደሩ ሙሉ ሰምቷል። አለቃም ደውለዋል፤ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እስር ቤት እንድናስገባት።»

«ነገ ስድስት ሰዓት» አለች መርማሪዋ፣ የተቃጠሉትን ክብሪቶች ወደ ሳጥናቸው እየመለሰች። «እንግዲያው አንድ ቀን አለን።»

በዚህ ላቦራቶሪ ‹ወጥ ቤት› የሚሉት የባክቴሪያ ምግብ የሚበስልበትን ክፍል ነው። የምታበስለውንም ሴት እትዬ ወጥ ቤት ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማይታዩ እንግዶች ስታበስል የኖረች፣ ክንዶቿ በእንፋሎት የተጠባበሱ፣ ጣቶቿ ደም ከመንካት ብዛት ቡናማ የሆኑ ሴት ናት። ምድጃዋ ጠፍቷል። እጆቿን ሽርጧ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ጋሼን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል። ሁሌ ሦስት ሰዓት ላይ ሙቅ ክፍል ይገባሉ። ሳህኑን ሁሉ እያነሱ ያሸታሉ። ‹ይቺ አይጥ አይጥ የምትለው መጣች› ይላሉ፤ ባክቴሪያን በጠረኑ ነበር የሚለዩት።» ወደ ጠፋው ምድጃ ዞረች። «እኔ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ የሚገባውን ደም ከግቢው በር ልቀበል ወጣሁ። ሰኞና ሐሙስ ባለፈረሱ ያመጣልኛል። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ተመልሼ ምድጃዬ ፊት ቆምኩ። አራት ሰዓት ላይ ሳህን ላወጣ ብሄድ መቀርቀሪያው ተዘግቷል።»

«እዚህ ምድጃ ፊት ያየዎት ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል? የፈላ ድስትና እኔ ነን።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ቁልፍ አየች። በመያዣው ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያላት ሐምራዊ ነጠብጣብ አለች።

«ይህ ቁልፍ ይታጠባል?»

«በየቀኑ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት አጥቤ ነው የምሰቅለው።»

«ትናንት ጋሼ ‹ዝም በይ፣ ለማንም!› ብለው ሲጮሁብዎት ተሰምተዋል። ስለ ምን ነበር?»

«ዝም በይ አሉኝ። ዝም ብያለሁ።»

«እትዬ፣ ነገ እኮ ይታሰራሉ።»

ሴትዮዋ ጣቶቿን አየች። «ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች። ከእኔ በቀር ሰው የላትም። ይህን እያወቅሁ ዝም ካልኩ፣ ለራሴ ስል እንዳልሆነ ይግባዎት።»

የሟቹ ልጅ ከላቦራቶሪው አጥር ማዶ ባለው የሕጻናት ክፍል ሐኪም ናት። መርማሪዋ ያገኘቻት በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የአባቷን ነጭ ካፖርት ጭኗ ላይ አጣጥፋ ነው።

«ጠዋት ከነርሶቹ ጋር ሕሙማን እያየሁ ነበር» አለች። «ሰሞኑን ማጅራት ገትር በዝቷል። ማክሰኞና ረቡዕ የአሥራ ሁለት ልጆች የአከርካሪ ፈሳሽ ወደዚህ ልኬያለሁ።»

«አባትዎ ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

«ትናንት ወደ ማታ ደወለልኝ። ‹ነገ ምሳ ከእኔ ጋር ትበያለሽ፤ ከዚያ በፊት ግን ባልሽ የሚነግርሽ ነገር አለ› አለኝ። ድምፁ ከበደኝ። ባሌን ብጠይቀው ሳቀ። ‹ሹመት ይሆናላ› አለ።»

«ነገረዎት?»

«መቼ ይነግረኛል?» አለች፤ ካፖርቱን ይዛ ተነሣች። «ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አባዬ ሞተ።»

ባሏ፣ ማለትም የሟቹ አማች፣ የላቦራቶሪው ምክትል ኃላፊ ነው። ንግግሩ የተለካ፣ ካፖርቱ የተተኮሰ፣ ሰው ሲያናግር ራሱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። ሳህኖች ከሚመረመሩበት ንባብ ክፍል፣ ከኮሪደሩ ሌላ ጫፍ፣ ሲጠራ ማንም ሳይጠይቀው የውጤት መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች። የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ ሐምራዊ መሆኑንም ልብ አለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ለማየት የምንቀባው ቀለም። ጋሼም ነበረባቸው። ቶሎ አይለቅም፤ የሙያችን ማኅተም ነው» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሳህን እያነበብኩ ነበር። አሥራ ሁለት ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሳህን፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ቡናማ። ይኸው፤ ሰዓቱም ተጽፏል።»

መርማሪዋ ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች አነበበች። ከአንዱ በቀር ሁሉም ላይ ‹ምንም አልበቀለም› ይላል። «‹ቁጥር ሰባት። ሦስት ሰዓት ከሃያ። ቡናማ ሳህን፦ ትልልቅ፣ ግራጫ። ቀይ ሳህን፦ ጥቃቅን፣ እንደ ጤዛ፣ በሳህኑ ሙሉ።› ጽሑፍዎ ያምራል። ሳህኖቹን ባያቸውስ?»

«ተቀቅለዋል። አንብበን ስንጨርስ መግደል ደንቡ ነው።»

«የሲሊንደሩን ቁልፍ ነክተው ያውቃሉ?»

«የወጥ ቤቱን? በጭራሽ! እትዬ ከልጇ አስበልጣ ነው የምትጠብቀው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ጋሼ ትናንት በጣም ተቆጥተዋት ነበር። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ... እንጃ።»

ባለፈረሱ አጥሩ ሥር፣ ከጥበቃው ጋር በአንድ ብርጭቆ ሻይ እየተፈራረቁ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ከእሳቸው ይበልጥ አርጅቷል። መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ፈረስዎ ደህና ነው፣ አባቴ?»

«ደህና ነው እመቤቴ፣ ተመስገን! ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይራገጣል።»

መርማሪዋ ከእጅጌያቸው ላይ ጥቅልል ያለች ነጭ ጸጉር በሁለት ጣት አነሣች። «ፈረስዎ የበግ ሱፍም ማብቀል ጀመረ?»

ጥበቃውን ሻዩ ትን አለው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ሞተብኝ። እሑድ ዕለት። አሥራ አራት ዓመት ደሙን ለልጆች ሲሰጥ የኖረ ፈረስ። ሰኞ ባዶ እጄን ከመጣሁ ያባርሩኛል ብዬ የጎረቤቴን በግ ደም ይዤ መጣሁ። ሁለቱም ቀይ፤ ማን ያውቃል? እትዬ ግን ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዛ ‹ይሄ የእሱ አይደለም› አለችኝ። ከጋሼ በቀር ለማንም አልናገርም ብላ ማለችልኝ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ ቆመን አለቃቀስን። ይኸው ጥበቃው ይመስክር። አሥር ደቂቃ ይሆናል፤ ከዚያ ድስቴ ይገነፍላል ብላ ሮጠች።»

መርማሪዋ ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሳ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«የፈረሱን ነገር ሰምቻለሁ» አለች። «ባለቤቱ ራሳቸው ነገሩኝ፤ መሐላዎ አልፈረሰም። አሁን የዚህን ቤት ምግብ ያስተምሩኝ።»

እትዬ ወጥ ቤት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥታ ምድጃዋ ፊት ቆመች።

«ልጆቹን የምትገድለው ያቺ ባክቴሪያ ጥገኛ ናት። ለመኖር ሁለት ነገር ትሻለች፤ ሁለቱንም ራሷ መሥራት አትችልም። ሁለቱም ደም ውስጥ አሉ። አንደኛው ደሙን ቀይ የሚያደርገው ነው፤ ቢሞቅም አይጠፋም። ሁለተኛው የደሙ ሕዋስ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ለቡናማው ሳህን ደሙን ትኩሱ ምግብ ላይ አፈሰዋለሁ። ሕዋሱ ይፈነዳል፣ የተቆለፈው ይወጣል፣ ቀለሙም ቸኮሌት ይመስላል። እዚያ ላይ ጠግባ ትወፍራለች።»

«ቀዩስ?»

«ቀዩ ጥሬ ደም ነው። የፈረስ ከሆነ ያንን ሁለተኛውን ትንሽ ትንሽ ታገኛለች፤ ቀጭጫም ቢሆን ትበቅላለች። የበግ ደም ግን ያንኑ ነገር የሚበላ አጥፊ አብሮት አለ። ያንን አጥፊ የሚገድለው ሙቀት ነው። ጥሬ የበግ ደም ላይ ብቻዋን ብንዘራት፣ ዓመት ብንጠብቅ አንዲት ነጥብ አናይም።»

መርማሪዋ ወደ ምድጃው ጠጋ አለች። «የአሥራ ሁለቱ ልጆች ቀይ ሳህኖች በየትኛው ደም ነበር የተሠሩት?»

«በበጉ። ለጋሼ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው በራ። ‹ዝም በይ፣ ለማንም! ማን አይቶ እንደሚጽፍ፣ ማን ሳያይ እንደሚጽፍ ሐሙስ እናያለን› አሉ። ከዚያ ደብተሬን ተውሰው ሄዱ። እሳት የጠፋበትን፣ ምግብ ያልተሠራበትን ቀን የምጽፍበትን ደብተር።»

ደብተሩ በሟቹ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። አንድ ገጹ ታጥፏል። መርማሪዋ ቆማ አነበበችው፤ አሮጌውን የላቦራቶሪ መዝገብ አስመጥታም ከጎኑ ዘረጋችው። ከዚያ አጥሩን ተሻግራ ወደ ሕጻናት ክፍል ሄደችና ሐኪሟን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ውጤት መጥቶልዎታል?»

«መጥቷል። ባሌ ባክቴሪያ ያገኘው ከሰባተኛው ልጅ ብቻ ነው። የአሥራ አንዱን መድኃኒት ነገ አቆማለሁ።»

«እኔ ሳልነግርዎ የአንዱንም እንዳያቆሙ።»

«ለምን?»

«ልሳሳት እችላለሁ። መሳሳቴን እስካውቅ ድረስ ግን አያቁሙ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አማቹን አንድ ነገር ለመነችው። ጋሼ ከሰባተኛው ልጅ ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ቡናማ ሳህን ሙቅ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከእሱ ላይ ባክቴሪያውን ወስዶ፣ አንድና ሁለት የሚል ቁጥር በተጻፈባቸው ሁለት ቀይ ሳህኖች ላይ በሁሉም ፊት ዘራላት። እጁ የለመደውን ሥራ ሠራ። ሳህኖቹን ረዳቷ አሽጎ አየሩ ወደ ተናፈሰው ሙቅ ክፍል አስገባ፤ ቁልፉንም ያዘ።

በማግሥቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ንባብ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሐኪሟ ከባሏ ጎን፣ ባለፈረሱ በሩ አጠገብ፣ እትዬ ወጥ ቤት ጥግ ላይ። ትንሽ ጥቅል ይዛለች፤ ቅያሪ ልብስና ፎጣ። ረዳቱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

መርማሪዋ የመጀመሪያውን ሳህን ከፈተች። በቀዩ ምግብ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ እንደ ጤዛ፣ በሳህኑ ሙሉ ተበትነዋል።

«ልክ መዝገብዎ ላይ እንዳለው» አለችው አማቹን።

«እንዳልኩት» አለ።

ሁለተኛውን ከፈተች። ቀይ፣ ለስላሳ፣ ባዶ። አንዲት ነጥብ የለም።

«አንዱ እጅ፣ አንድ ቀን፣ አንዱ ባክቴሪያ» አለች። «ልዩነቱ ደሙ ብቻ ነው። የመጀመሪያው እትዬ ካስቀሩት የመጨረሻ የፈረስ ደም የተሠራ ነው። ሁለተኛው የበግ ደም ነው።»

ባለፈረሱ ምንም አልገባቸውም። ሐኪሟም ገና እያሰበች ነበር። የአማቹ ፊት ግን አመድ መሰለ። ከሁሉም ቀድሞ የገባው እሱ ነው፤ ሙያው ነውና።

«ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ቤት ትኩስ የፈረስ ደም የለም» ቀጠለች መርማሪዋ። «ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ባለፈረሱ፣ እትዬና ጋሼ። የሰባተኛው ልጅ ቀይ ሳህን ጥሬ የበግ ደም ነበር። እዚያ ላይ ጤዛ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። እርስዎ ግን በሦስት ሰዓት ከሃያ ጤዛ አየሁ ብለው ጽፈዋል። ምክንያቱም ሁልጊዜ ስለሚኖር። የሰባተኛውን ልጅ ባክቴሪያ ዓይነት ረቡዕ በማይክሮስኮፕ አይተውት ነበር፤ የቀረውን ከልማድ ሞሉት። ሐሙስ ጠዋት እዚህ ተቀምጠው አንድም ሳህን አልከፈቱም።»

«ስህተት ሊሆን ይችላል» አለ አማቹ። «ሰው ደክሞት...»

«ሊሆን ይችላል። ታዲያ የት ነበሩ? እትዬ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ለደም እንደሚወጡ፣ ጋሼም በዚያው ሰዓት ሙቅ ክፍል እንደሚገቡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀድሞ ጎማውን የነቀለ ሰው የሚያስፈልገው አሥር ደቂቃ ነው፤ በሩን መቀርቀር፣ ቁልፉን ከምስማሩ ማንሣት፣ ሲሊንደሩን መክፈት፣ ቁልፉን መመለስ። ቁልፉ ረቡዕ ታጥቦ ነው የተሰቀለው። ሐሙስ ሳየው ሐምራዊ ቀለም ነበረበት። እዚህ ቤት ይህ ቀለም እጃቸው ላይ ያለ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ በተቀረቀረው በር ውስጥ ነበሩ።»

ሐኪሟ ከባሏ ፈቀቅ አለች።

«ግን ለምን?» አለች ሐኪሟ። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። «አባዬ ምን አደረገው?»

መርማሪዋ የእትዬን ደብተር በታጠፈው ገጽ ከፈተች፤ ከጎኑ አሮጌውን መዝገብ አኖረች። ይህን ስታደርግ ሐኪሟን አላየቻትም።

«ካለፈው ወር ነው። ደብተሩ፦ ‹ምድጃው ተበላሽቷል። ዛሬ ቡናማ አልተሠራም።› መዝገቡ፣ በዚያኑ ቀን ስለተዘራ ሳህን፦ ‹ሦስተኛ አልጋ። ቡናማ ሳህን፦ ምንም አልበቀለም።› ጋሼ ይህን ረቡዕ አገኙት። ለባልዎ እስከ ምሳ ሰዓት ጊዜ ሰጡት፤ ራሱ እንዲነግርዎ።»

ሐኪሟ ሦስተኛ አልጋ ላይ የነበረው ልጅ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጥርሱ የወለቀ፣ መርፌ ሲያይ የሚቆጥር ልጅ ነበር። ምንም አልበቀለም ስለተባለ መድኃኒቱን አቆመችበት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ወደ ባሏ ዞረች። «የእሱን ሳህን አይተኸዋል?»

«ስሚኝማ፤ ያን ቀን ሥራው...»

«አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። «በዚያ ሳምንት ዘጠኙም ባዶ ነበሩ» አለ። «እሱም ባዶ ነው ብዬ... ላንቺ ብቻ እንዳይነግሩሽ ነበር የፈለግሁት። ላንቺ ብቻ።»

ረዳቱ ለእትዬ ወጥ ቤት ያዘጋጀውን ካቴና ከኪሱ አወጣና፣ ሳያያት አልፎ አማቹ ፊት ቆመ።

ሐኪሟ አላለቀሰችም። ገና የቀራት ነገር እንዳለ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። በድንገት መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት። «አሥራ አንዱ! መድኃኒት እንዳላቆም የነገሩኝ ለዚህ ነው። የአንዳቸውንም አላየም!»

«የአንዳቸውንም።»

«እትዬ!» ሐኪሟ አሁን ቆማለች። «ከሁሉም ደግሜ ፈሳሽ እወስዳለሁ። ሳህን አለሽ?»

«የለኝም። ግን እሠራለሁ።» ሴትዮዋ ጥቅሏን ወንበሩ ላይ ተወችው። «ያለኝ የበግ ደም ነው፣ ልጄ።»

«ቡናማውን ብቻ ሥሪልኝ።»

«ሲሞቅ ይሆናል። ስንት?»

«አሥራ ሁለት።»

ወጥ ቤት ስትገባ የግድግዳው ሰዓት ስድስት ይላል። ሽርጧን አሰረች፤ ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣው አወጣች። መርማሪዋ ከኋላዋ መጥታ፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ የክብሪት ሳጥኗን አቀበለቻት። ሴትዮዋ ጫረችና ወደ ምድጃው ዝቅ አደረገችው። ነበልባሉ ትንሽ ተርገበገበ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።